የሐረጎ ቁልቁለትና የልጄ መኪና

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ መኪና ነው። «አሃ! ጋዜጣው ደመወዝ ጨምሮለት ይሆናል» ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። መኪናዋ ርዝመቷ ከክንዴ ብዙም አይበልጥም፤ የምትነዳውም እጅ ላይ በሚያዝ ሪሞት ነው። ሱቅ ውስጥ ከምታዩዋቸው አሻንጉሊቶች የምትለየው ባትሪ ድንጋይ ጎርሳ የምትሽከረከር ባለመሆኗ ነው። እውነተኛ ሞተር አላት። ፒስተን፣ ካርቡራቶር፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ ሁሉ አላት። ነዳጅ ትጠጣለች፣ ጭስ ትተፋለች፣ ስትጮህ ደግሞ የሰፈር ውሻ ሁሉ አብሯት ይጮኻል።

ያመጣት የባለቤቴ ወንድም ነው። በ2013 ክረምት ከአሜሪካ ለእረፍት ሲመጣ ለልጄ ሰጠው። ያን ጊዜ 11 ዓመቱ ነበር። እኔ ኳስ ወይም ጫማ ቢያመጣለት እመርጥ እንደነበር አልደብቃችሁም፤ ልጁ ግን መኪናዋን ከተቀበለ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነ። መመሪያውን ከመዝገበ ቃላት ጋር ፊት ለፊት አስቀምጦ ያነባል፣ ጥያቄ ይጠይቀኛል፣ እኔ አላውቅም። ስለ ሞተር የማውቀው ባጃጅ መጥራት ብቻ ነው።

ከዚያ ጥቅምት 2014 መጣ። ደሴ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ያልነበራችሁም ሰምታችኋል። እኛም እንደ ብዙው ሰው በአንድ ሌሊት ልጅ አዝለን፣ ያለችውን ጨርቅ ጠቅልለን ወጣን። ልጁ መኪናዋን ልያዝ ብሎ ሲያለቅስ «አሁን የአሻንጉሊት ጊዜ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። ስንመለስ ቤቱ እንደ ብዙዎቹ ቤቶች ተበርብሯል። ቴሌቪዥኑ የለም፣ ምድጃው የለም፣ ብርድ ልብሱ እንኳ የለም። የመኪናዋ ካርቶን ግን አልጋው ስር፣ ክዳኑ ተከፍቶ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። የከፈተው ሰው ምን እንደሆነች ሳይገባው ቀርቶ ይሆናል። ልጄ ካርቶኑን አቅፎ ወለሉ ላይ ሲቀመጥ፣ ከጠፋው ዕቃ ሁሉ ይልቅ እሱ አስለቀሰኝ።

ግን ሞተሩ ደርቆ ነበር። በጣት ቢገፋ፣ በፒንሳ ቢታሰብ፣ ፍንክች አይልም። ምክንያቱን ልጁ ከብዙ ጊዜ በኋላ ደረሰበት። በዚህ ዓይነት ሞተር ውስጥ ነዳጅ ትቶ መሄድ ነውር ነው። ነዳጁ ሜታኖል የሚባል አልኮል፣ ናይትሮሜቴን የሚባል ኬሚካልና ዘይት ተደባልቀው የሚሠሩት ነው። ሜታኖል ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ ኩሽኔታውን ያዝገዋል። ዘይቱም የጉሎ ዘይት ያለበት ከሆነ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይሆናል። ለዚህ ነው ሰው ከተጫወተ በኋላ ታንከሩን አንጠፍጥፎ፣ የቀረችውን ነዳጅ አስጨርሶ፣ በሞተሩ ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ የሚያስቀምጠው። ያን ሌሊት ማን ታንከር ያንጠፈጥፋል?

አጎትየው በስልክ «ሞተሩን ቀይሩት» አለ። ለማለት ቀላል ነው። የተጠቀሙበት ሞተር የነዳጅ ሽታ ስላለው አውሮፕላን ላይ አይጫንም፤ አዲስና ነዳጅ ያልነካው ግን ይቻላል። ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ተጠበቀ። ልጁ 15 ዓመት ሲሞላው አንድ ዘመድ የእጅ ቡጢ የምታክል ካርቶን ይዞ ከተፍ አለ። ውስጧ 3 ሲሲ ገደማ የሆነች ሞተር። የባጃጅ ሞተር ወደ 200 ሲሲ ነው፤ ይቺ ግን በደቂቃ ከ30 ሺህ ዙር በላይ ትሽከረከራለች አሉኝ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት።

ነዳጁ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ተቀጣጣይ ስለሆነ በመንገደኛ ሻንጣ አይገባም። አዲስ አበባ ሞዴል አውሮፕላን የሚያበር የወዳጅ ወዳጅ ተገኝቶ ሁለት ሊትር ለቀቀልን። የመኪናዋ ታንከር 75 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ልጁ ወዲያው አሰላው፤ 26 ታንከር፣ እያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ገደማ። ከዚያ ውስጥ አምስት ስድስቱ ሞተሩን ለማለማመድ ይሄዳል። ጤፍ እንኳ በቤታችን እንዲህ ተቆጥሮ አያውቅም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። ነዳጁ የመጣው በትልቅ ቆርቆሮ ነው። ለመቅዳት እንዲመች ብዬ ጥቂቱን በሃይላንድ ገልብጬ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ቀለሙ ቀይ ነው፤ የእንጆሪ ጭማቂ ይመስላል። አራት ዓመት የሆናት ትንሿ ልጃችን ደግሞ ቀይ ነገር ትወዳለች። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ከሥራ ስትገባ ጠርሙሱን አይታ፣ ከፍታ አሸተተችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የመኪናዋ ነዳጅ።»

«ውስጡ ምን አለ?»

ልጁ ከእኔ ቀደመ። «ሜታኖል።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ጠርሙሱን አንስታ ወደ ቆርቆሮው መለሰችው፣ ቆርቆሮውን ቆልፋ ከቤት ውጭ ያለው ሳጥን ውስጥ ከተተችውና ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረች። ከዚያ አስቀምጣ አስተማረችኝ። ሜታኖል ጥቂት ጉንጭ ብቻ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፤ ሲበዛ ይገድላል። የጠጣው ሰው መጀመሪያ የሰከረ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ጉዳቱ ሰዓታት ቆይቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ «ደህና ነው» ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ለማስታወክ ሳይሞከር ወዲያው ሆስፒታል ነው። በቆዳም ይገባል። ሲነድ ደግሞ በቀን ብርሃን ነበልባሉ በደንብ አይታይም። እናንተ ቤት የናይትሮ መኪና ላይኖር ይችላል፤ ነገር ግን በረኪና፣ ነጭ ጋዝ ወይም የባትሪ ውሃ በሃይላንድ አስቀምጦ የማያውቅ እጁን ያውጣ። እኔ ከእንግዲህ አላወጣም።

ሞተር ቅየራው ወደተካሄደበት ልውሰዳችሁ። ሰኞ ገበያ አቅራቢያ የባጃጅ ጋራዥ ያለው ወዳጅ አለኝ፤ እጁ የተባረከ መካኒክ ነው። «እንዲች ያለችውን ሞተር አይቼ አላውቅም» አለና ሞርሳው አጠገብ ንጹሕ ጨርቅ ዘረጋ፤ ቀጥሎም «አብሽር፣ ሞተር ሞተር ነው» አለኝ።

ሞተር ሞተር ነው የሚለው ነገር ግን ብዙም አልዘለቀም። መጀመሪያ ያስደነገጠው ካንዴላዋ ነች። አገላብጦ አያት። «ሽቦዋ የታለ?»

«ሽቦ የላትም» አለ ልጄ።

«ታዲያ እሳቱን ከየት ታመጣለች?»

ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ። ከካንዴላዋ ጫፍ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የፕላቲነም ጥምዝ ሽቦ አለ። ለማስነሳት ብቻ በአንድ ተኩል ቮልት ባትሪ ይግላል፤ ከዚያ ባትሪው ይነቀላል። ሜታኖልና ፕላቲነም ሲገናኙ በራሳቸው ሙቀት ይፈጥራሉ፤ ከፍንዳታው ሙቀት ጋር ተደምሮ ሽቦው እንደቀላ ይቆያል። ስለዚህ ሞተሯ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሳትፈልግ ትሄዳለች። መካኒኩ አፉን ይዞ ሰማ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሐሳብ መጣለት፤ ነዳጅ ለመቆጠብ እንደ ድሮዎቹ ባለ ሁለት ምት ባጃጆች ቤንዚንና ዘይት ቀላቅለን ለምን አንሞክርም? ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ቤንዚን ከፕላቲነሙ ጋር እንደዚያ አይስማማም፤ ካንዴላዋ ትጠፋለች።

ከዚያ መፍታት ተጀመረ። የአየር ማጣሪያው፣ የነዳጅ ቱቦው፣ ማርሚታው ወጣ። የጋዙ ዘንግ ተላቀቀ። መኪናዋ ተገልብጣ ከሆዷ በኩል ያሉት አራት ብሎኖች ሲፈቱ አሮጌው ሞተር እንደ ነቀዘ ጥርስ ተነቅሎ ወጣ። ቮላኖውና ፍሪሲዮኑ ከአሮጌው ወደ አዲሱ መዛወር ነበረባቸው፤ አንዷ ቀለበት ወድቃ ግማሽ ሰዓት ጉልበታችን ላይ ሆነን ፈለግናት።

መካኒኩ አዲሱን ሞተር በእጁ ሲያዞረው ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ደርሶ ቀጥ አለ። «ይሄማ ደርቋል! የተበላሸ ነው የላኩላችሁ።» ልቤ ቀጥ አለ። አራት ዓመት የተጠበቀ ዕቃ!

«አይደለም» አለ ልጁ፤ አሁን ድምፁ ረጋ ብሏል። «እንደዚያ መሆን አለበት።» ይቺ ሞተር የፒስተን ቀለበት የላትም። ሲሊንደሯ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል፤ አዲስ ስትሆን ጫፉ ላይ ፒስተኑን ጨምድዳ ትይዘዋለች። ስትሞቅ ሲሊንደሩ ይሰፋና ልክ ይሆናል። ጫፉ ላይ መያዟ የጤንነቷ ምልክት ነው፤ መያዝ ስታቆም አርጅታለች ማለት ነው። መካኒኩ ሞተሩን አስቀመጠ፣ ካቻቢቴውን በእጀታው በኩል አዙሮ ለልጁ ሰጠው፣ ራሱ ኩርሲ ስቦ ተቀመጠ። እኔ 15 ዓመት ያሳደግኩት ልጅ፣ እኔ እንዲህ አድርጌለት አላውቅም።

የመጨረሻዋ ጣጣ የጥርሶቹ ነገር ነበረች። የፍሪሲዮኑ ትንሿ ጥርስና ትልቁ ጥርስ በጣም ከተጣበቁ ይግላሉ፣ ከተራራቁ ይላጫሉ። መላው ወረቀት ነው። ቀጭን ወረቀት በመካከላቸው ይገባል፣ ሞተሩ ተገፍቶ ይጠጋል፣ ብሎኑ ይጠብቃል፣ ከዚያ ወረቀቱ ይወጣል፤ የቀረችው ክፍተት ትክክለኛዋ ነች። መካኒኩ ዞር ዞር ብሎ ከምሳው ስር የተነጠፈ ጋዜጣ ቀደደ። አየሁት፤ ይሄው ዓምድ ነበር። ጽሑፌ ለአንድ ጊዜ እንኳ በትክክል ሥራ ላይ ሲውል በዓይኔ አየሁ!

ሞተሯን ማለማመዱ ቀናት ወሰደ። ልጁ ሆጤ አካባቢ ባገኘው ሜዳ ላይ ቀስ እያደረገ፣ ነዳጅ አብዝቶላት፣ ጭሷ እየተንቦለቦለ አምስት ታንከር አስጨረሳት። ከዚያ መርፌዋን ማስተካከል ጀመረ። መርፌ የምለው ካርቡራቶሩ ላይ ያለች ብሎን ነች፤ ስትጠብቅ ነዳጅ ይቀንሳል፣ ስትላላ ይጨምራል። ፋብሪካው የሚያወጣት ዝቅ ላለ አገር እንዲስማማ አድርጎ ነው። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሯ ግፊት ከባሕር ወለል ሦስት አራተኛው ያህል ነው። አየር ሲሳሳ ነዳጁም መቀነስ አለበት፤ አለበለዚያ ሞተሯ ትሰጥማለች። ስለዚህ ልጁ በጥቂት በጥቂቱ አጠበቃት። ጭንቅላቷ ላይ ጠብታ ውሃ ያደርጋል፤ ጠብታዋ ሦስት አራት ሰከንድ ተንጨርጭራ ከጠፋች ሙቀቷ ልክ ነው፤ ጭራሽ ወዲያው ከበነነች አደጋ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ፣ መኪናዋ ሰማያዊ ጭስ ክር እየጎተተች እንደ ወፍ በረረች። ልጁ ሳቀ። ከ2014 ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም ነበር።

ይሄኔ ነው ያበላሸሁት።

እናቴ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው። እሑድ ቀን ልጠይቃት ስንሄድ «መኪናዋን ያዛት፣ ለአያትህ አሳያት» አልኩት። እውነቱን ለመናገር ለአያቱ ሳይሆን ለእህትና ለወንድሞቼ ላሳያት ነው። የእኔ ልጅ ሞተር ቀየረ ልል ነው። በሚኒባስ ሐረጎን ወረድን። ጠመዝማዛውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፣ ጆሯችሁ ይደፈናል፣ ሹራባችሁን ታወልቃላችሁ። ድሮ እነዚያ ኤንትሬ የሚባሉት የፊያት ከባድ መኪኖች ሐረጎን ሲወጡ እያቃሰቱ እንደ ነበር አባቴ ያወራ ነበር።

ኮምቦልቻ ስንደርስ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተሰበሰበ። እናቴ ኩርሲ አስወጥታ በሯ ላይ ተቀመጠች። ልጄ ግን መኪናዋን አላስነሳም። ከቦርሳው ባዶ ሃይላንድ አወጣ። ደሴ ላይ ክዳኑን አጥብቆ የዘጋው ነው፤ አሁን ሆዱ ገብቶ ተጨማድዷል።

«አየህ አባዬ? እዚህ አየሩ ወፍራም ነው። መርፌዋን ትንሽ ልክፈታት።»

«ሃይላንድና ሞተር ምን አገናኛቸው? ትናንት ስትበር የነበረች መኪና አትነካም! ሰው እየጠበቀ ነው።»

«አባዬ...»

«አስነሳ አልኩህ!»

ወንድሞቼ ፊት ነው። እናቱ ቤት ነው። ልጁ አንድ ቃል አልመለሰም፤ አስነሳት።

አቤት ፍጥነቷ! ደሴ ላይ እንዲህ ሮጣ አታውቅም። ድምፅዋ ቀጥኖ እንደ ፉጨት ሆነ። ሕፃናቱ ጮኹ፣ ወንድሜ አጨበጨበ፣ እኔ ደረቴን ነፋሁ። ወደ ልጄ ዞር ስል ግን መኪናዋን አይደለም የሚያየው፤ ከኋላዋ ያለውን አየር ነው። ጭሱን ነው የሚፈልገው። ጭስ አልነበረም። በሪሞቱ አዙሮ ወደ እግሩ ጠራት፣ ተንበረከከና የነዳጅ ቱቦዋን በጣቱ ጨምቆ ገደላት። ጠብታ ውሃ ጭንቅላቷ ላይ ቢያደርግ ጠብታዋ ሳትነካው በነነች።

ነገሩ ከገባኝ በኋላ እንዴት ቀላል እንደሆነ ልንገራችሁ። መርፌዋ የተለካችው ለደሴ ስስ አየር ነው። ኮምቦልቻ ላይ ወደ ሞተሯ የሚገባው አየር ይበዛል፤ ነዳጁ ግን ባለበት ነው። ድብልቁ ሲደርቅ ሙቀቱ ይጨምራል። ከሁሉም የባሰው፣ የዚህች ሞተር ዘይት የሚመጣው ከነዳጁ ጋር ስለሆነ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ዘይትም ያንሰዋል። ያ ሁሉ ፍጥነት ያስጨበጨበን ሞተሯ ራሷን እየበላች ነው። ሁለት ደቂቃ ብትቀጥል ለሌላ አራት ዓመት ሻንጣ ልንጠብቅ ነበር።

ስትቀዘቅዝ ልጁ ቮላኖዋን በጣቱ ቀስ ብሎ አዞረ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘናል። ጫፉ ላይ ያዝ አደረገችው። «ትንሽ ላልታለች፤ ግን አለች» አለ። መርፌዋን የሰዓት ቆጣሪ አንዲት ሰዓት የምታልፈውን ያህል ብቻ ከፈታት፣ ካንዴላዋን አይቶ መለሳት፣ አስነሳት። ጭሷ መጣ። እንደ ቅድሙ አልበረረችም፤ ወንድሜም አላጨበጨበም። እናቴ ብቻ «ይቺ ፍየል ዛሬ ሳትታለብ ነው የዋለችው?» አለችና ሁላችንንም አሳቀችን።

ማታ ሐረጎን ስንወጣ ከኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ልጁ መኪናዋን ጭኑ ላይ አድርጎ በመስኮት ያያል። እኔ ቃላት አጠሩኝ። አባቴ በሕይወት ዘመኑ ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እንዴት እንደሚባልም ከማን ልማር? ከአንድ ጠመዝማዛ በኋላ ግን በመካከላችን የተቀመጠው የተጨማደደ ሃይላንድ በራሱ «ጧ!» ብሎ ሆዱ ተመለሰ። ሁለታችንም ደነገጥን።

«ደሴ ደርሰናል ማለት ነው» አለ።

«ይቅርታ ልጄ» አልኩት። «ሰው ፊት ስለጮህኩብህ። ደግሞም ትክክል ነበርክ። ያኔም ስንወጣ... መኪናዋን ልያዝ ስትለኝ እንደዚያ መጮህ አልነበረብኝም።»

ዝም አለ። ከዚያ «ያኔማ ቦታ አልነበረም እኮ» አለኝ። ሚኒባሱ ቧንቧ ውሃ ሲደርስ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ ነበር።

አጎትየው ነገሩን ሰምቶ ሰሞኑን ደውሏል። «ተዉት ይሄን ነዳጅ፤ በኤሌክትሪክ ሞተር ቀይሩት። ከዚህ ልልክላችሁ እችላለሁ፤ አገሩም እኮ ወደ ኤሌክትሪክ ሄዷል» ይላል። እውነቱን ነው፤ ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። የኤሌክትሪኩ መርፌ የለው፣ ሜታኖል የለው፣ ከፍታ አይነካው። ባለቤቴ ሳታመነታ ደግፋለች። ልጁ ግን «መብራት ሲጠፋስ?» ብሎ አሳቀንና ቆይቶ «ነዳጁ ሲያልቅ እናያለን» አለ። 17 ታንከር ቀርቶታል፤ ቁጥሩ ግድግዳ ላይ በእርሳስ ተጽፏል።

ትናንት ካርቶኗን ከፍቼ ሳይ በክዳኑ የውስጥ በኩል በማርከር የተጻፈ አገኘሁ። «ደሴ፤ ጠብታ 4 ሰከንድ። ኮምቦልቻ፤ ከደሴው አንድ ሰዓት ክፈት።» ከሥሩ ሌላ ከተማ መጻፊያ ቦታ ትቷል። እስክሪብቶ አወጣሁና «ሐይቅ» ብዬ ጻፍኩ፤ ቁጥሩን ለእሱ ተውኩት። በሚቀጥለው እሑድ እንሄዳለን፤ መርፌዋን እሱ ነው የሚይዛት።